የረቡዕ ዳዊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይህንን ምስክርነት የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ቅዱስ ሚካኤልን «ከዚህ ፍርሃት ካወጣኸኝ በሰው ፊት እናገራለሁ» ብዬው ነበር፤ ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ግን እንባዬ እየቀደመኝ እስከ ዛሬ ዘገየሁ።

የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከአዲስ አበባ ከሥራ ስመለስ ታክሲው አስፋልቱ ዳር አወረደኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል፤ ዝናቡም አባርቷል። ወደ ቤቴ የሚያስገባውን መንገድ አንዲት ጅረት ታቋርጠዋለች፤ በበጋ ልጆች የሚዘሏት፣ በክረምትም ቢሆን ከጉልበት የማታልፍ። የሱሉልታን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ዝናቡ ካባራ በኋላም ውኃው ከተራራው እየወረደ እንደሚሞላ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ደክሞኝ ነበርና ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ።

ሁለተኛውን እርምጃ ስራመድ እግሬ መሬት አላገኘም። ጎርፉ ምን ያህል እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ያቆመኝ የአንድ ገበሬ የሽቦ አጥር ነው። አንገቴ ላይ የነበረው ነጠላ እሾሃማው ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ መጀመሪያ አነቀኝ፤ ከዚያ እንደምንም አላቅቄ ጫፉን በግራ እጄ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩት። የጥለቱ አረንጓዴ ቀለም ከቆዳዬ ላይ ለሳምንት አልለቀቀም። ውኃው አገጬ ሥር ስለነበረ ለመጮኽ አፌን ስከፍት ጭቃ ይሞላዋል። ከሩቅ ውሻ ይጮኻል፤ ጅብም ሰማሁ፤ በሌላ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ያስፈራኝ ነበር። አያቴ ረቡዕ ረቡዕ ስትደግመው እየሰማሁ ያደግኩት መዝሙር 68 ሳልጠራው አፌ ላይ መጣ፤ «አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ»። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቃል ጠፋኝ። ያንኑ ደጋገምኩ፤ መቶ ጊዜ ይሁን አምስት መቶ ጊዜ አልቆጠርኩም።

ለንስሐ አባቴ እንጂ ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር፤ አንድ ጊዜ ልለቅ ወስኜ ነበር። ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ብርዱ እንቅልፍ እንቅልፍ እያሰኘኝ፣ «ይብቃ» ብዬ ነጠላውን ልፈታ ስል የራሰው ጨርቅ አጥብቆ ይዞ አልፈታ አለኝ። እጄ ተስፋ ቆርጦ ሳለ የያዘኝ ማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

4 ሰዓት ተኩል ገደማ የባትሪ መብራት ታየ። አንድ አዛውንት ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው መጥተው በሬ የሚያስሩበትን ገመድ ወረወሩልኝ፤ «ጀባዹ! ጀባዹ!» እያሉም ጎተቱኝ። በኦሮምኛ «በርቺ» ማለት መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ባለቤታቸው ልብሴን ለውጠው፣ እሳት ዳር አስቀምጠው ትኩስ ወተት አጠጡኝ፤ ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ ጠጥቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሥጋዬ ከጎርፉ ወጣ፤ ልቤ ግን እዚያው አጥሩ ላይ ቀረ። ሻወር ስገባ ውኃው ፊቴን ሲነካኝ ትንፋሼ ይቆማል። በጥር 2016 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ካህናቱ ጠበሉን መርጨት ሲጀምሩ ሰው ገፍትሬ ሸሸሁ። እንጦጦ ጠበል ወሰዱኝ፤ ገና ጆጉን ሲያነሡ በመጮኼ «ጋኔን አለባት» ተባልኩ። ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጣሁ፤ «አድነህ አትጨርስም ወይ?» አልኩት። የረቡዕን ዳዊት መድገም ትቼ ከማክሰኞው ወደ ሐሙሱ እዘል ነበር። ወራት እንዲሁ አለፉ።

የንስሐ አባቴ አልገሠጹኝም። «ልጄ፣ ቅዱስ ሚካኤል እስራኤልን ባሕሩን ያሻገራቸው በእግራቸው እያስኬደ እንጂ ተሸክሞ አይደለም፤ አንቺም ወደ ውኃው ሂጂ» አሉኝ። ብስክሌት የሚጋልብ የሥራ ባልደረባዬ የውኃ ዋና አሠልጣኝ ዘንድ ወሰደኝ። አሠልጣኜ ፊቴን ውኃ ውስጥ እንድከት ብቻ ሦስት ሳምንት ታግሦኛል፤ «የሚያፍንሽ አየር ማጣት ሳይሆን የያዝሽውን አየር አለማውጣትሽ ነው፤ ውኃው ውስጥ አስወጪው» ይለኝ ነበር። ይህን ሰው ሳላመሰግን አላልፍም።

እነዚሁ ወዳጆች በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ፣ እዚሁ ሱሉልታ ለጀማሪዎች ትራያትሎን አሰናዱ። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለ ዕረፍት የሚከታተሉበት ውድድር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ የገባው ርቀት 1.5፣ 40 እና 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን የእኛ ስፕሪንት የሚባለው፣ የዚያ ግማሽ ነበረ። 750 ሜትሩ ዋና በ25 ሜትር ገንዳ 30 ርዝመት ይሆናል፤ ያውም አየሩ በሳሳበት፣ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ።

አሥራ አንደኛው ርዝመት ላይ የአንድ ሰው እግር መታኝና መነጽሬ ውኃ ሞላ። አሥራ ስድስት ወር ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ጨለማው፣ የጭቃው ጣዕም። ወደ ራሴ ስመለስ ግራ እጄ የመስመሩን ገመድ አንጓዬ ላይ ሊጠመጥም ሲታገል አገኘሁት። ደንቡ ገመድ ይዞ ማረፍን አይከለክልም፤ የሚከለክለው በገመዱ ራስን ወደ ፊት መሳብን ነው። አሠልጣኜ ከዳር ሆኖ «አስወጪው!» ይላል። ያ ጥቅስ እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን በዚያ ሌሊት የጠፋኝ ቀጣዩ ቃል ተከትሎት መጣ፤ «መቆሚያም የለኝም»። እግሬን ወደ ታች ዘረጋሁ። መቆሚያ ነበረ። የገንዳው ወለል ለስላሳ ነበረ፤ ስቆም ውኃው ደረቴ ላይ ቀረ። እዚያው ቆሜ እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ሰዎች ታመመች ብለው ነበር። ከዚያ ገመዱን ለቅቄ የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ርዝመቶች በመዝሙር እየቆጠርኩ ዋኘሁ።

ብስክሌቱ የውሰት ነበረ፤ በጫንጮ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ደርሼ ተመለስኩ። ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ የሌላ ሰው እግር እንደ መዋስ ነው። የሩጫው መንገድ ያችን ጅረት ያቋርጣል፤ ደርቃ ድንጋይ ብቻ ቀርታለች። በግ የሚጠብቁ ልጆች «ጀባዹ!» ሲሉኝ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኜ ጨረስኩ።

በተከተለው ጥር 11 ከፊት ቆምኩ። ካህኑ አንድ ጊዜ ረጩኝ፣ ደገሙኝ፤ ሦስተኛው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሳልንቀሳቀስ ብቆይባቸው ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት ትከሻዬን ነክተው «ልጄ፣ ለእኛም ይድረሰን፤ እስቲ ዘወር በይ» አሉኝ።