ሰምና ወርቅን ከፍቺ ሳይሆን ከድምፅ መጀመር

የሰምና ወርቅ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። መምህሩ ሰም ላይ ላዩን የሚታየው፣ ወርቅ ደግሞ የተሰወረው ምሥጢር ነው ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግጥም ሁሉ መልሱ ከመምህሩ የሚጠበቅ እንቆቅልሽ ይሆናል። እኔም ዘጠነኛ ክፍልን በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር የማስተምረው። ፍቺውን ወደ መጨረሻ ስወስደው ነው ክፍሉ አፉን የፈታው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግጥም የለበትም። ሰሌዳው ላይ አራት ቃላት ብቻ እጽፋለሁ፦ ገና፣ ሰፊ፣ ይበላል፣ ከፈረሱ። ሁለት ሁለት ተማሪ እየተነሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው ደግሞ የሰማውን ቃል በዓረፍተ ነገር ያስገባል። «ሰፊ» ጠብቆ ሲነበብ ሜዳ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋ ሰው። «ይበላል» ላይ «በ» ከላላ ልጁ እየበላ ነው፣ ከጠበቀ የሚበላው ምግቡ ነው። «ከፈረሱ» አንዴ ወደ ፈረስ፣ አንዴ ወደ ፈረሰ ቤት ይወስዳል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ትርጉሙን የሚወስነው አንባቢው ነው። ይህን በጆሮው የሰማ ተማሪ የኅብረ ቃልን፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም የሚሸከመውን ባለ ሁለት ፍቺ ቃል፣ ግማሽ አውቋል። በአፋን ኦሮሞ የተማሩ ልጆች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይቀድማሉ፤ በቁቤ የሚጠብቀው ፊደል ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ልዩነቱን በዓይናቸው ለምደውታል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ መሪ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ስላልሆነ ይህን ሆን ብዬ እጠቀምበታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ግጥሙ ይመጣል። ለክፍል ሥራ የጻፍኩት ይህ ነው፦

ከብቴን ሽጬ መጣሁ ደጅዎን ልጠና፤
ልጄ ይማርልኝ አንድ ብቻ ነውና።

ሦስት ጊዜ ይነበባል፣ ያለ ማብራሪያ። ከዚያ አምስት አምስት ሆነው ስለ ሰሙ ብቻ ይጽፋሉ፤ አሥር ደቂቃ። የሚናገረው ማን ነው? የት ቆሟል? ምን ሸጠ? ለምን? ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ርእሰ መምህሩ ዘንድ የመጣ ገበሬ ብለው ከነልብሱ ይስሉታል። ወርቁን የጠረጠረ ቡድን ቢኖር እንኳ እንዲቆይ እጠይቃለሁ። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰው በኋላ ወርቁ የሚይዘው ሰሙ የተወለትን ቅርጽ ነው። ሰሙን እንደ ገለባ የሚጥል ንባብ ወርቁንም ቅርጽ ያሳጣዋል።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ «ለትምህርት ቤት የማይመች ቃል የትኛው ነው?» አብዛኛው ቡድን «ደጅ መጥናት» ላይ ይቆማል፤ ደጅ የሚጠናው ባለሥልጣን ነው። ከዚያ ተነስተው ወደ «ይማርልኝ» ይደርሳሉ። መማር ትምህርት ነው፤ መማር ምሕረት ማግኘትም ነው። አባትየው የቆመው ዳኛ ፊት ሊሆን ይችላል፣ ልጁም እስረኛ። «አንድ ብቻ ነውና» የሚለው ሐረግ በዚያች ቅጽበት ክብደቱ ሲለወጥ በልጆቹ ፊት ላይ ይታያል። ፍቺውን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ ሦስት መስመር ይበቃል።

ሁለት ስህተቶች በየዓመቱ ይመለሳሉ። አንደኛው፣ ወርቅ ፍለጋ የለመደ ተማሪ በየቃሉ ምሥጢር ያያል። ለዚህ የማደርገው ቀላል ነው፦ የተገኘው ሁለተኛ ትርጉም በሁለቱም ስንኞች ውስጥ ካልሄደ ወርቅ አይደለም። «ከብት» ሌላ ነገር ነው ያለ ልጅ ሁለቱን ስንኞች በዚያ ትርጉም ደግሞ ያንብብ፤ ራሱ ይተወዋል። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ኅብረ ቃሉን ከተራ ዘይቤ ጋር ማምታታት። አንበሳ ተብሎ ጀግና ከታሰበ ተለዋጭ ዘይቤ ነው፣ ሰምና ወርቅ አይደለም። በሰምና ወርቅ ያው ቃል ራሱ ሁለት ፍቺ ሊሸከም ይገባል፤ እንደ «ይማር»፣ ወይም ሲከፈል ወንድ-ም የሚሆነው «ወንድም»።

በቅኔ ቤት ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ራሱ እየቆጠረ (እየደረሰ) ነው ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚያድገው። ስለዚህ ሦስተኛው ቀን የመጻፊያ ነው። «ስለ ፍቅር ጻፉ» የተባለ ክፍል ባዶ ወረቀት ይመልሳል፤ ሐሳብ ይዞ ኅብረ ቃል መፈለግ ለአዋቂም ይከብዳልና። እኔ ቃሉን እሰጣለሁ። «ሳለ» ጥሩ መነሻ ነው፦ ቢላ ሳለ፣ ሥዕል ሣለ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ሳለ። ሁለቱን ትርጉሞች ይመርጣሉ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ዘመድ ቃላት ይዘረዝራሉ፤ ከሁለቱም ዝርዝር ጋር የሚስማማ ቃል ሲያገኙ ስንኙ ይጀመራል። ቤት መምታቱን መጨረሻ ላይ ያስተካክሉ፤ ቤት ለመምታት ሲጣደፉ ኅብረ ቃሉ ይጠፋቸዋል። «ሠ» እና «ሰ» እንዳያጋጩ መጀመሪያ በቃል ያሰሙ፣ ከዚያ ይጻፉ።

የግጥም ትንተናቸውን ከአሥር ነጥብ ሳርም ሰሙ 3፣ ኅብረ ቃሉ 2፣ ወርቁ 3፣ ከግጥሙ የተጠቀሰ ማስረጃ 2 ይይዛል። ለወርቁ ብቻ ሙሉ ነጥብ በምሰጥበት ጊዜ ከጎረቤት የተቀዳ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። አሁን ማስረጃው የሌለበት ትክክለኛ መልስ ከ8 አይበልጥም፤ ሰሙን ጠንቅቆ አስረድቶ፣ ኅብረ ቃሉን ለይቶ፣ ማስረጃውን ጠቅሶ ወርቁን የሳተ ልጅ ደግሞ 7 ያገኛል። ይህ ልጅ በሚቀጥለው ግጥም ወርቁን አያጣውም።