የካርቶን አዞ፦ አምስተኛው ወር

የስዊዘርላንዱን «አዞ» ማጥናት ከጀመርኩ አምስት ወር ሞላኝ። በዚህ ወር ትልቅ ነገር ስለገባኝ ላካፍላችሁ።

አዲስ ለመጣችሁ፣ አዞ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1922 የተሠራ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው። በአጠቃላይ 33 ናቸው። የብረቱን ሥራ የቪንተርቱር ፋብሪካ፣ የኤሌክትሪኩን ደግሞ ዙሪክ አጠገብ ያለው ኦርሊኮን ሠሩት። ከፊትም ከኋላም ረጅም አፍንጫ አለው፤ መሃሉ ላይ ከፍ ያለ ቤት ተቀምጧል። ኩርባ ላይ አፍንጫዎቹ ወደ ጎን ሲዞሩ ላየው ሰው፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልግም።

መዝገብ ላይ ያለው ስሙ ግን «ሲኢ 6/8 ሁለት» ነው። ይህ ስም ለብዙ ጊዜ ሲያደናግረኝ ነበር፤ ሲፈታ ግን ቀላል ነው። «ሲ» የፍጥነት ደረጃው ነው። «ኢ» ኤሌክትሪክ ማለት ነው። 6/8 ደግሞ ከስምንቱ አክስሎች (ጎማዎቹ የሚተከሉባቸው ዘንጎች) ስድስቱን ሞተር ያዞራቸዋል ማለት ነው። ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ትንንሾች ክብደት ይሸከማሉ፣ ኩርባ ላይም መንገድ ይመራሉ።

መጀመሪያ የሳበኝ መልኩ ነበር። አሁን ግን መልኩን ያወጣው ተራራው መሆኑ ገብቶኛል።

ተራራው ጎትሃርድ ነው። 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አሮጌው ዋሻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ዋሻው አፍ ለመድረስ ግን መጀመሪያ መውጣት አለ። ከኤርስትፌልድ እስከ ጎሼነን ሐዲዱ በየ1,000 ሜትሩ እስከ 26 ሜትር ገደማ ይወጣል። ለመኪና ይህ ምንም አይደለም፤ ብረት በብረት ላይ ለሚሄድ ከባድ ባቡር ግን ዳገት ነው። ዋሰን መንደር ላይ ሐዲዱ ተራራው ውስጥ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ፣ ያችኑ አንዷን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ታያታላችሁ። መጀመሪያ ከታች፣ ቀጥሎ ትይዩ፣ በመጨረሻ ከላይ ወደ ታች።

ይህን ሁሉ ሲጎትት የኖረው የድንጋይ ከሰል ነበር። ስዊዘርላንድ ደግሞ የረባ ከሰል የላትም፤ ከውጭ ታስመጣለች። መስመሩን ኤሌክትሪክ ለማድረግ እ.ኤ.አ. በ1913 ተወስኖ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጥቶ ከሰሉ ሲጠፋና ሲወደድ ግን ነገሩ የግድ ሆነ። ተራራው ላይ ውሃ ሞልቷል፤ ሪቶምና አምስቴግ የተባሉት የኃይል ማመንጫዎች ለዚሁ ተሠሩ። ወንዙን «ነጭ ከሰል» ይሉት ነበር። እኔ ይህን ስም በጣም ወድጄዋለሁ፤ በውሃ መብራት ለምንኖር ለእኛ ቅርብ ነው።

ቀጥሎ የሞተሩ ጉዳይ አለ። እዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ቆሜ ነበር። ሽቦው ላይ ያለው 15,000 ቮልት ነው። ፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ግን እንደ ቤታችን 50 ኸርዝ ሳይሆን የዚያ ሲሶ፣ 16 ከ2/3 ነው። ለምን? የዚያን ጊዜ ሞተሮች በካርቦን ብሩሽ (የሚዞረውን ክፍል እየነካ ኤሌክትሪክ በሚያደርስ የካርቦን ቁራጭ) የሚሠሩ ስለነበሩ፣ በ50 ኸርዝ ሲሞከሩ ብሩሾቹ ክፉኛ ብልጭታ ይተፉና ይቃጠላሉ። ዝቅ ሲል ይታገሣሉ። እንደዚያም ሆኖ ሞተሮቹ ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ አክስል ላይ የሚንጠለጠሉ አይደሉም። ስለዚህ በየአፍንጫው ሁለት ሁለት ሆነው ከፍ ብለው ተቀመጡ። ከባዱ ትራንስፎርመር መሃል ቤት ገባ። 128 ቶን የሚመዝነው ሰውነት በኩርባ እንዲያልፍ ደግሞ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በመታጠፊያ ተያያዘ። አዞው በቃ እንዲህ ተወለደ።

ሞተሩ ላይ፣ ጎማው ታች ከሆነ ኃይሉ እንዴት ይወርዳል? ሞተሮቹ በማርሽ አንድ ዘንግ ያዞራሉ። ከዚያ ዘንግ ወደ ጎማዎቹ የሚወርደው፣ የእኛ መካኒኮች ቢየላ የሚሉት ዓይነት የብረት ክንድ ነው። እንደ ድሮ የእንፋሎት ባቡር ማለት ነው። ይህን በንባብ ብቻ ልረዳው ስላልቻልኩ ካርቶን ቆረጥኩ።

በአንድ በኩል ሦስት ጎማ፣ በሌላው በኩል ሦስት ጎማ። አክስሎቹ የሽሽ ከባብ እንጨት ናቸው፤ ቢየላዎቹን ከወፍራም ካርቶን ቆርጬ በስፒል አሰርኳቸው። ማዞር ስጀምር ሩብ ዙር ያምራል። ሦስቱም ስፒሎች ከአክስሎቹ ጋር አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ግን መሃለኛው ጎማ ይወላውላል። አንዳንዴ ይቆማል፤ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይዞርና ካርቶኑን ያጥፈዋል። የቀዳዳዎቹ ርቀት የተሳሳተ መስሎኝ ሁለት ማታ እንደ አዲስ ስለካ አመሸሁ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ቅዳሜ ቡና ሊጠጡ መጥተው ጠረጴዛው ላይ አዩት። አንዴ አዞሩትና «ልጄ፣ ግራና ቀኙን ለምን እኩል አሰርከው?» አሉኝ። «እኩል መሆን የለበትም እንዴ ጋሼ?» ስላቸው፣ «የመኪና ፒስቶኖች ሁሉ አንድ ላይ ጫፍ ይደርሳሉ? አንዱ ሲደክም ሌላው መግፋት አለበት» አሉ።

የግራውን ጎማዎች ሙጫ በቢላ አስለቅቄ ሩብ ዙር፣ 90 ዲግሪ፣ አዙሬ መልሼ አጣበቅኳቸው። ሙጫው እስኪደርቅ ጋሼ አልሄዱም። ከዚያ ሳዞረው ያለ ምንም መንገጫገጭ ዞረ። የቀኙ ቢየላ ጫፍ ላይ ሲደርስ የግራው ግማሽ መንገድ ላይ ሆኖ ያሻግረዋል። ተመልሼ የአዞውን ፎቶዎች ሳይ ነገሩ ሁሉም ላይ አለ፤ አምስት ወር ሙሉ እያየሁት አላየሁትም።

ከንባቤ በጣም ያስደሰተኝ ቁልቁለቱ ነው። አዞው ሲወርድ ሞተሮቹ ጄኔሬተር ይሆኑና ባቡሩን ይይዙታል፤ ያመነጩትንም ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይመልሳሉ። የሚወርደው ባቡር የሚወጣውን ያግዛል ማለት ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ መኪና የምናደንቀውን እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት ሠርተውበታል።

የቀረውን ታሪክ ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ሌላ 18 ተጨመሩ፤ የእነሱ ቢየላ ከሞተሩ ዘንግ ሰያፍ ሆኖ ስለሚወርድ ቀለል ይላል። ከ1942 እስከ 1947 ከመጀመሪያዎቹ 13ቱ ጠንካራ ሞተር ተገጠመላቸውና ፍጥነታቸው ከ65 ወደ 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት አደገ፤ «ሲ» የነበረው ፊደልም «ቢ» ሆነ። የመጨረሻዎቹ እስከ 1980ዎቹ ሠርተዋል። ቁጥሯ 14253 የሆነችው አሁንም ለጉብኝት ጉዞ ትወጣለች።

ትንሽ አዞም አለ። የስዊዘርላንድ ምሥራቃዊ ተራሮች ላይ ለሚሄደው የሬቲያ ባቡር 15 ተሠርተዋል። የሐዲዳቸው ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ የድሮው የጅቡቲ ባቡራችንም እንዲሁ ነበር። የእኛን መስመር ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 ከአፄ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግም ስዊዘርላንዳዊ መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ትንሹ አዞ የሩቅ ዘመድ ይመስለኛል። ከትልቁ ቀጥሎ እሱን እሠራለሁ።

አሁን የሁለተኛው አፍንጫ ካርቶን ተቆርጦ አልቋል። የቀረኝ ስፒሎቹን መቀየር ነው፤ ቀዳዳውን እያሰፉት ቢየላው መላወስ ጀምሯል። እንደ ትንሽ ኩሽኔታ የሚሆን ቀጭን ቱቦ ከምን እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ ሞክሬ ነበር፣ ትንሽ ሰፋብኝ።