ለበጎ ፈቃደኛ ተማሪ የምስጋና ደብዳቤ መጻፍን የተማርኩበት መንገድ

በአፀደ ሕፃናት ክፍላችን የሚያግዙንን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተባበር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ተማሪዎቹን መመልመሉ፣ ከሕፃናቱ ጋር ብቻቸውን እንዳይቀሩ ተራ ማውጣቱና ሰዓታቸውን መመዝገቡ በመጀመሪያው ዓመት መልክ ያዘ። የከበደኝ እንደየሥራቸው ማመስገኑ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሰጠኋት ደብዳቤ ግን ከልቤ የረካሁበት የመጀመሪያው ስለሆነ፣ በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የመጀመሪያው ረቂቅ «ታታሪ፣ ትሑትና ልጆችን የምትወድ» የሚል ነበር። ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ስሟ ተፍቆ የሌላ ተማሪ ስም ቢገባበት ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። የደረሰልኝ በኪሴ የምይዘው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ ሕፃናቱ ከተሸኙ በኋላ በዕለቱ ካየሁት አንዱን ብቻ፣ ከሁለት መስመር ሳላስበልጥ፣ ከነቀኑ እጽፍበታለሁ። ስለ እርሷ የጻፍኩትን ሳገላብጥ የአንድ የአራት ዓመት ልጅ ነገር አገኘሁ። ልጁ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ የንባብ ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። እኛ መምህራኑ እየጠራንና እያባበልን ልናወጣው ስንደክም፣ እርሷ ጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሳትጠራው፣ ሥዕሉን ወደ እርሱ አዙራ በለሆሳስ ታነብ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ገጹን የገለጠው ከጠረጴዛው ሥር የወጣ ትንሽ እጅ ነው። የልጁን ስም ሳልጠቅስ ይህንኑ እንዳለ አሰፈርኩት፤ የቀረው የደብዳቤው ክፍል ሳያስቸግረኝ ተጻፈ።

የምስክር ወረቀትን አስቀድሞ ቃል መግባትን ግን ፈጽሞ አልደግፍም። አምና 40 ሰዓት ለሚሞላ ሁሉ የምስክር ወረቀት እንደምሰጥ አስታውቄ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተረቱ ሳያልቅ ሰዓታቸውን አይተው የሚነሡ ተማሪዎች በዙ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል መሣል ይወዱ የነበሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች ወርቃማ ኮከብና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ሲነገራቸው፣ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የመሣል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሳይጠብቁት የተሰጣቸው ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ጥናቱ የሕፃናት ቢሆንም እኔ በወጣቶቹ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ለትምህርት ቤታቸው የሰዓት ማረጋገጫ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ፈርሞ መስጠት ተገቢ ነው፤ ምስጋናው ግን ከዚያ ተለይቶ፣ ባልጠበቁት ቀን ቢደርሳቸው እመርጣለሁ።

ደብተሩም ቢሆን ከአድልዎ አላዳነኝም። በዚያው ወቅት አሻንጉሊት የሚያጥብ፣ እርሳስ የሚቀርጽ አንድ ዝምተኛ ተማሪ ነበረን፤ ዓይኔ ሁልጊዜ ንባቡ ላይ ስለነበር ስሙን የጻፍኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የሰጠሁትም ያንኑ «ታታሪና ትሑት» የሚለውን ደብዳቤ ነበር፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን በየሳምንቱ መጀመሪያ የሁሉንም ስም አስቀድሜ በየገጹ አሰፍራለሁ፤ ስለ እርሱም ረዳት መምህሯን ጠይቄ፣ የሚያለቅሱ ሕፃናትን እርሳስ አብረውት እንዲቀርጹ እያደረገ ያረጋጋቸው እንደነበር ስለነገረችኝ፣ ደብዳቤውን ከዚያ ጀምሬ እንደ አዲስ እየጻፍኩለት ነው።