መቅረጸ ድምጹ ከጠፋ በኋላ

ከልብ ወለድ ደራስያን ጋር ማውራት ስጀምር 12 ጥያቄ ጽፌ ነበር የምሄደው። በሥርዓት የተተየቡ፣ ቁጥር የተሰጣቸው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ «መጻፍ እንዴት ጀመሩ?» ነበር። ሁለተኛው «ሐሳቡ ከየት ይመጣልዎታል?» አሁን ወረቀቱን ሳየው ጆሮዬ ይግላል።

አንድ አንጋፋ ደራሲ ሁለቱንም በትዕግሥት መለሱልኝ። አያታቸው ተረት አዋቂ ነበሩ። እሳቸው በልጅነታቸው መጽሐፍ ትራስ ሥር ደብቀው ያነቡ ነበር። ደስ ይላል። ቤት ገብቼ የቆዩ ቃለ መጠይቆቻቸውን ሳገላብጥ ግን ያችኑ አያት፣ ያንኑ ትራስ፣ ቀልዱን እንኳ በዚያው ቦታው አገኘሁት። ከ15 ዓመት በፊት የተባለ ነው። አልዋሹኝም። ያረጀ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ፣ ያረጀ መልስ ይዤ ተመለስኩ፣ በቃ።

የሚጠቅመኝን ነገር የሰማሁት መቅረጸ ድምጹን አጥፍቼ ቦርሳዬን ካነገትኩ በኋላ ነው። በር ላይ ቆመናል። ዝምታው ስለከበደኝ ብቻ «አሁን የሚጽፉት እንዴት እየሄደ ነው?» አልኳቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ተይኝ እስቲ ልጄ። ምዕራፍ 9 ላይ ሴትዮዋን ከክፍሉ ማስወጣት አቅቶኝ ይኸው ሦስት ሳምንቴ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ በውርስ ጉዳይ ከወንድሟ ጋር ትጣላለች። ተቆጥታ መሄድ አለባት፤ ምክንያቱም ምዕራፍ 10 መንገድ ላይ ነው የሚጀምረው። በሩን ወርውራ ስትወጣ ቲያትር ሆነ። ዝም ብላ ስትወጣ የተሸነፈች መሰለች፤ እሷ ደግሞ አልተሸነፈችም። አንድ ነገር ተናግራ ስትወጣ፣ ንግግሩ የእሷ ሳይሆን የደራሲው ሆነ። «ስምንት ጊዜ አስወጥቻታለሁ» አሉኝ። «ስምንቱንም ጊዜ የገፋኋት እኔ ነኝ። በራሷ እግር አልሄደችም።»

እዚያው በር ላይ 40 ደቂቃ ያህል ቆምን። ገጸ ባሕርይ ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ጠይቄ ብዙ ትርጓሜ ሰብስቤ ነበር። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። መቅረጸ ድምጹ ቦርሳዬ ውስጥ ተኝቷል እንግዲህ።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ጣልኩት። አሁን የምጀምረው «ትናንት ምን ሰረዙ?» ብዬ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥንቶ የሚጠብቅ ደራሲ እስካሁን አልገጠመኝም። አንዱ ትንሽ አሰበና «ዝናብ» አለኝ። አራት ምዕራፎቹን በዝናብ ከፍቶ ኖሯል፤ ያየችበት ሚስቱ ናት። አንዷ ደግሞ «አንድ ሙሉ አጎት» አለችኝ። 60 ገጽ የኖረ አጎት ነው። ለካ ሥራው አንድ ደብዳቤ ማምጣት ብቻ ነው። ደብዳቤውን በበሩ ሥር አሾልካ አስገባችና አጎትየውን አሰናበተችው። «ሳዝንበት ከረምኩ» አለች፤ ከልቧ ነው።

እንዲህ ያለውን ወግ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ካደረጉት አንዱ «ዘ ፓሪስ ሪቪው» የተባለው መጽሔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀመር በመጀመሪያው እትሙ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ጋር የተደረገ ጭውውት ይዞ ወጣ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነበር የሚሄዱት። መቅረጸ ድምጽ ስላልነበራቸው ሁለቱም የቻሉትን ያህል በእጃቸው ይጽፋሉ፤ በኋላ ያስተያያሉ። ደራሲውም ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት አይቶ ያርማል።

ይህን መጀመሪያ ስሰማ ማጭበርበር መስሎኝ ነበር። ሰው የተናገረውን ተናግሯል፤ ምን ያርማል? ሩሲያ ተወልዶ በእንግሊዝኛም የጻፈው ደራሲ ቭላዲሚር ናቦኮቭ ጭራሽ ጥያቄው በጽሑፍ እንዲመጣለት፣ መልሱንም ጽፎ እንዲሰጥ ይጠይቅ ነበር። ጠያቂው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ደራሲ ናት። ያወራነውን ከቅጂው ገልብጬ ላኩላት። በሳምንቱ መለሰችው። የራሷን መልስ ግማሹን ቆርጣዋለች። ይሁን። ከዚያ ግን የእኔንም ጥያቄዎች አርማቸዋለች! አንደኛው ጭራሽ ያልጠየቅኩት ነው። ራሷ ጽፋ በእኔ ስም አስገብታዋለች። ተናድጄ ልደውልላት ስልኬን አነሳሁ፤ ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩት፤ ስልኩን አስቀመጥኩት። ከእኔ 12 ጥያቄዎች በሙሉ ይሻላል። ጥያቄው «ይህን መጽሐፍ ሲጽፉ ከማን ተደብቀው ነበር?» የሚል ነው። እንዳለ አወጣሁት። እስካሁን ስለዚያ ጥያቄ የሚያደንቁኝ አንባቢዎች አሉ። አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ምን ልበል?

ደራሲ ስለ ሥራው የሚናገረውን ቁጥርም እንዲሁ በጥንቃቄ ነው የማየው። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1958 በዚያው መጽሔት ላይ፣ «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» የተባለውን ልብ ወለድ የመጨረሻ ገጽ 39 ጊዜ እንደጻፈው ተናግሮ ነበር። ሰው ሁሉ ማጋነን ነው ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን አሳታሚው የተረፉትን ረቂቆች ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ሲያወጣ የተለያዩት አጨራረሶች 47 ሆኑ። ደራሲ አሳንሶ ሲናገር ያገኘሁት ያኔ ብቻ ነው።

ይኸው ሰው ሌላም ምክር አለው። ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቅክ ሥራህን አቁም፤ ነገ የምትጀምርበት ይኖርሃል ይላል። ያነጋገርኳቸው ደራስያን ግማሽ ያህሉ ይህን ያደርጋሉ። እኔም ሞከርኩት። አንድ ማታ በጣም ሲጥመኝ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ አቆምኩ። በማግስቱ ሳየው «ከዚያም ወንድሙ ያንን» ይላል። ምኑን? እስከ ዛሬ አላወቅኩትም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ለረጅም ጊዜ ስለ ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር። ከጥበብ ሰው ጋር ተቀምጦ «ስንት ተከፈለዎት?» ማለት ነውር ይመስለኛል። በሁለት ሥራ መሀል የምትጽፍ አንዲት ደራሲ ናት ያስለቀቀችኝ። ስለ ዘይቤ ስጠይቃት ስጠይቃት ሰለቻትና «ለምንድነው ስለ ክፍያ የማትጠይቂኝ?» አለች። ተነስታ ከመሳቢያ ወረቀት አመጣች። የሽያጭ መግለጫዋ ነው። ጣቷን እያሳረፈች መስመር በመስመር አስረዳችኝ።

ትላልቅ አሳታሚዎች ባሉበት ዓለም አሠራሩ በጥቅሉ እንዲህ ነው። አሳታሚው በቅድሚያ የሚሰጥሽ ገንዘብ ስጦታ አይደለም፤ ቀብድ ነው። ገና ካልተሸጠው መጽሐፍ ድርሻሽ ላይ የሚታሰብ። እሱም ባንዴ አይመጣም። ሲፈረም ትንሽ፣ ረቂቁ ሲገባ ትንሽ፣ መጽሐፉ ሲወጣ ትንሽ። ወኪል ካለሽ ከእያንዳንዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 15 ከመቶ ይወስዳል። አሁን ሒሳቡን እይው። ቀብዱ 5,000 ዶላር ይሁን። መጽሐፉ በ20 ዶላር ይሸጥ። የደራሲዋ ድርሻ 10 ከመቶ ቢሆን ከአንዱ ቅጂ 2 ዶላር ታገኛለች። ስለዚህ 2,500 ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ አንድ ሳንቲም አይጨመርላትም። ከመጻሕፍት መደብር ሳይሸጥ ሊመለስ ለሚችለው ደግሞ አሳታሚው ከድርሻዋ ቀንሶ ያቆይበታል። የእሷ መግለጫ የመጨረሻው መስመር ላይ ዜሮ ይላል። «ይህችን ዜሮ ለሦስት ዓመት ነው የማውቃት» አለችኝ። «ከገጸ ባሕርያቴ አንዷ ናት።»

ከዚያ ስለ ሰዓቷ አወራን። ልጆቿ ከተኙ በኋላ 50 ደቂቃ አላት። ለሁለተኛው ሥራዋ መነሳት ስላለባት ማምሸት አትችልም። በ50 ደቂቃ አንድ ትዕይንት ይጻፋል፤ ሁለት አይጻፍም። ስለዚህ ምዕራፎቿ ሁሉ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ድንገት ተጀምረው ድንገት ይቆረጣሉ። እኔ ደግሞ ከመሄዴ በፊት ስለዚሁ «የተቆራረጠ ትረካ» ሦስት ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር። የዘመን መንፈስ ምናምን የሚል። ሳቀች። «የዘመን መንፈስ አይደለም፤ የማንቂያ ደወል ነው» አለችኝ።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰንም በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ተናግራለች። በአሳታሚ ቤት አርታኢ ሆና እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ በነበረ ጊዜ፣ ጎሕ ሳይቀድ የምትጽፈው ልጆቹ ነቅተው «እማማ» ከማለታቸው በፊት ያለውን ሰዓት ለመጠቀም ነበር። ችግር ያመጣው ልማድ ነው። በኋላ ግን አእምሮዋ ይበልጥ የሚጠራው በዚያ ሰዓት መሆኑን አየች። ልጆቹ አደጉ፤ ሰዓቱ ቀረ።

እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ጽፎ ዋጋ የከፈለ ሰው ነው። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ይጀምራል። ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። የሚቀሰቅሰው አገልጋይ እንኳ ለዚሁ ሥራ በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፈለው ነበር። ይህን ሁሉ፣ ከየመጽሐፉ ያገኘውንም ገንዘብ በዝርዝር አስፍሮ፣ ግለ ታሪኩ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 ታተመ። ድምሩ ወደ 69,000 ፓውንድ ይጠጋል። ያደንቁት ከነበሩት ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ፊታቸውን አዞሩበት። እንደ ጫማ ሰፊ ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው ምን ጥበብ አለው ብለው መሆን አለበት። መጽሐፎቹ ግን ትናንትም ዛሬም ያው ናቸው። አንዲት ፊደል አልተቀየረችም።

ይህን ለዚያች ደራሲ ነገርኳት። ለጊዜው ዝም አለች። ከዚያ «በሩብ ሰዓት 250?» አለች፤ በጣቷ እየቆጠረች። «በ50 ደቂቃ 800 ይደርሳል ማለት ነው። እኔ 300 ላይ ነኝ።» የቀናችው በገንዘቡ አልነበረም።

አሁን የማዘጋጀው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው። ትናንት ምን ሰረዙ፣ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ አለዎት። ሁለተኛውን ስጠይቅ አንዳንዱ ይቆጣል። አንድ ወጣት ደራሲ ጥያቄው ሥነ ጽሑፋዊ አይደለም ብሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ መድረክ ለመድረክ ሲዞር አራት ወር ሙሉ አንድ ገጽ እንዳልጻፈ ነገረኝ። ያን ቦታ አትጻፊው አለ። የት እንደሆነ፣ ማን እንደሆነ አልጻፍኩም ይኸው።

ምዕራፍ 9 ላይ የተውኳቸው አዛውንት ባለፈው ማታ ደወሉልኝ። ሰላምታም ሳይሰጡኝ «ወጣ!» አሉ።

«ማን ጋሼ?»

«ወንድምየው ነዋ! ተነስቶ የሚሄደው እሱ ነው። እሷ ቤቱ ውስጥ ትቀራለች። ቤቱን ነው እኮ የተጣሉበት፤ ምን ቆርጧት ነው ትታ የምትወጣው?»

ደስ ብሎኝ ጮህኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። «ጋሼ፣ ምዕራፍ 10 መንገድ ላይ አልነበረም እንዴ?»

ስልኩ ትንሽ ዝም አለ።

«42 ገጽ» አሉኝ። «ነገ እጥለዋለሁ። ዛሬ አትጠይቂኝ።»