የተቆራረጠችው ሰማያዊ መስመር

ዛሬ ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብዬ ላፕቶፔን ይዤ ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። ፕሮግራሙ ስካን ከተደረገ የድሮ 1፡50,000 ካርታ ለቅሞ ያወጣቸውን ወንዞችና መንገዶች ከመሬቱ ጋር እያመሳከርኩ ነው። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ጠጋ አሉኝ።

"ምን ይላል ልጄ?"

"እዚህ ጋ ውሃ የለም ይላል አባባ።"

በከዘራቸው ደረቁን ቦይ አሳዩኝ። "ሐምሌ ላይ ና። በሬ ይወስዳል።"

ዋናውን ስካን ከፍቼ አጎላሁት። አለች! ቀጭን፣ የተቆራረጠች ሰማያዊ መስመር። በክረምት ብቻ የሚሞላ ወንዝ ምልክቷ እንዲህ ነው።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ቀለም ይለያል፤ ሰማያዊው ውሃ፣ ቡናማው የከፍታ መስመር። ቡናማው በሰማያዊው ላይ ሲያልፍ ግን ቀለሙ ይደባለቃል። ወረቀቱም ደብዝዟል። ቁራጮቹ ይበልጥ ያጥራሉ። ከዚህ መጠን በታች ያለውን እንደ ቆሻሻ ቆጥረህ አጥፋ ብዬ ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ ካርታ 1 ሚሊሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ስንት በሬ የሚወስድ ውሃ ነው የሰረዝኩት?

ያቺን መስመር የሳለ ሰው ክረምቱን አስቦ ነው የሳላት። እኔ በጋውን ብቻ አየሁ። ከቦዩ 30 እርምጃ ላይ ደግሞ አዲስ የቤት መሠረት እየተቆፈረ ነው። ሄጄ ለቆፋሪዎቹ ነገርኳቸው፤ ባለቤቱ ቅዳሜ ይመጣል አሉኝ።

ማታ ቁራጮቹን አንድ በአንድ በእጄ አገናኘኋቸው። ቅዳሜ ካርታውን አትሜ እመለሳለሁ።