ወንበሩን ተከተሉ፦ ከኒውዮርኩ ኤክስፖ እስከ ጁራሲክ ፓርክ

ስለ ሳይንስ ፊክሽን ፊልም አመጣጥ በአማርኛ አንድ ቪድዮ ልስራ ብዬ ስነሳ የጀመርኩት ከወንበር ነው። አዎ ከወንበር፣ ተመልካቹ ከተቀመጠበት። የዓለም ኤክስፖ (አገሮችና ካምፓኒዎች ስራቸውን የሚያሳዩበት ትልቅ አውደ ርዕይ) ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የ1889ኙ ኤፍል ታወር ወይ የ1893ቱ የቺካጎ ፌሪስ ዊል ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ እነሱም ትልቅ ስራ ናቸው ግን ለኔ ከኤክስፖዎቹ የወጣው ትልቁ ፈጠራ ሰውን አስቀምጦ ታሪክ ውስጥ ይዞት ማለፍ ነው፣ መዝናኛ ፓርኩም ፊልሙም እዛ ላይ ነው የሚገናኙት።

መጀመሪያ የያዝኩት የ1939ኙን የኒውዮርክ ኤክስፖ ነበር። ጄነራል ሞተርስ እዛ ፉቱራማ የሚባል ነገር አቁሞ ነበር፣ የሰራው ኖርማን ቤል ጌዲስ ነው፣ ሰውየው የቲያትር መድረክ ዲዛይነር ነበር እና ይሄን ልብ በሉልኝ። ከአምስት መቶ በላይ ወንበሮች በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ ተደርድረው የ1960ን አሜሪካ የሚያሳይ ግዙፍ ሞዴል ላይ እየዞሩ ይሄዳሉ፣ ግማሽ ሚሊዮን ትናንሽ ቤት፣ 50,000 መኪና፣ ከመኪኖቹ 10,000 የሚሆኑት የሚንቀሳቀሱ፣ እያንዳንዱ ወንበር ላይ ደግሞ የሚተርክላችሁ ድምፅ አለ። መጨረሻ ላይ አንድ የከተማ መንገድ ማቋረጫ በሞዴል ያሳያችሁና ከወንበሩ ስትወርዱ ያው ማቋረጫ በሙሉ መጠኑ ተሰርቶ ውስጡ ቆማችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ!! ስትወጡ ደግሞ «መጪውን ዘመን አይቻለሁ» የሚል ባጅ ይሰጣችኋል።

ካምፓኒው ራሱ በ1940 ያሰራው የማስታወቂያ ፊልም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ይሄን የመሰለ ስራ ለሚሰራ ሰው የምመክረው ድምፁን አጥፍቶ እንዲያየው ነው። ተራኪው አውራ ጎዳናና መኪና ነው የሚሸጥላችሁ፣ ድምፁ ሲጠፋ ግን ዓይናችሁ እንቅስቃሴው ላይ ያርፋል፣ ቀስ ብሎ ከላይ በከተማው ላይ መንሳፈፍ፣ ህንፃዎቹ መሀል መግባት፣ ዛሬ የወደፊት ከተማ የሚያሳይ ፊልም ሁሉ የሚከፈትበት ሾት ማለት ነው። ወንበሩ ካሜራ ነበር፣ የቪድዮዬ ሀሳብ በሙሉ የወጣው ከዚህች ነው።

ከዛ ቦታውን ላየው ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ወዳለው ኩዊንስ ሄድኩ፣ 7 ቁጥር ባቡር ፍላሺንግ ሜዶውስ ፓርክ አጠገብ ያወርዳችኋል። የ1964ቱም ኤክስፖ የተሰራው እዛው ቦታ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ባንዴ መቅረፅ ይቻላል። ዩኒስፌር የሚባለው የብረት ሉል ወደ 43 ሜትር ይቆማል፣ የኒውዮርክ ስቴት ድንኳን (ማሳያ ህንፃው በኤክስፖ ቋንቋ እንደዛ ነው የሚባለው) ማማዎች ደግሞ አናታቸው ላይ ክብ ክብ ነገር አለ፣ ሜን ኢን ብላክ የሚባለው ፊልም (1997) ላይ የባዕድ ፍጥረታት መንኮራኩር የተደበቀባቸው እነሱ ናቸው፣ ከስር ቆማችሁ ወደ ላይ ስታዩ ፊልም ሰሪዎቹ ለምን እንደመረጧቸው ማስረዳት አያስፈልግም። ኩዊንስ ሙዚየም ውስጥ ያለው የኒውዮርክ ከተማ ሞዴልም የ1964ቱ ነው፣ ያኔ ሰው ሄሊኮፕተር ላይ ያለ እንዲመስለው በሚንቀሳቀስ መቀመጫ ነበር የሚዞረው፣ ዛሬ በእግር ነው። እንደገና ወንበር!

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ዋልት ዲዝኒ ለ1964ቱ ኤክስፖ አራት ትርኢት ሰርቷል፣ ለፔፕሲ፣ ለጄነራል ኤሌክትሪክ፣ ለኢሊኖይ ስቴት እና ለፎርድ። የጄነራል ኤሌክትሪኩ ላይ መድረኩ ቆሞ ተመልካቹ ነው ከነወንበሩ የሚዞረው፣ የኢሊኖዩ ላይ የፕሬዝዳንት ሊንከን ሮቦት ከወንበሩ ተነስቶ ንግግር ያደርጋል፣ የፔፕሲውም እነዚህም ኋላ የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ ዲዝኒላንድ ገቡ። የፎርዱ ግን ልዩ ነው፦ ጎብኚው እውነተኛ ክፍት የፎርድ መኪና ውስጥ ይቀመጣል፣ መኪናው ያለሹፌር በሀዲድ ተስቦ የሚንቀሳቀሱ ዳይኖሰሮች መሀል ያሳልፈዋል። አሁን ጁራሲክ ፓርክን (1993) አስታውሱ። ጎብኚዎቹ ምን ላይ ነው የተቀመጡት? በሀዲድ በሚሄድ ፎርድ መኪና ላይ፣ ዳይኖሰር ሊያዩ። ዳይሬክተሩ ከዛ ቀዳው አልልም፣ ማስረጃ የለኝም፣ ግን ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ቪድዮውን ያየ ሰው ሁሉ እዛች ጋ ቆሞ ጠየቀኝ። የተማርኩት፣ መመሳሰልን መመሳሰል ብሎ ማሳየት በቂ ነው፣ ተመልካቹ ራሱ ይፈርዳል።

የተረጋገጠ ግንኙነት ሲገኝ ግን አፍ ሞልቶ መናገር ነው። እዛው የ1964ቱ ኤክስፖ ላይ በጉልላት ጣሪያ የሚታይ የጠፈር ጉዞ ፊልም ነበር፣ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ አየው፣ ፊልሙ ላይ ከሰሩት አንዱ ዳግላስ ትራምቡል የሚባል ወጣት ነበር እና ኋላ ለኩብሪክ ፊልም ለ2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ (1968) ልዩ ኢፌክት ሰራ። ይሄው ትራምቡል በ1991 ዩኒቨርሳል ፍሎሪዳ መዝናኛ ፓርክ ለተከፈተው፣ ባክ ቱ ዘ ፊውቸር በሚባለው ፊልም ስም ለተሰራው ተቀምጠው የሚሄዱበት መጫወቻ ፊልሙን ዳይሬክት አደረገ። ከኤክስፖ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ፓርክ፣ በአንድ ሰው እድሜ። ስለዚ እንዲህ ያለ ታሪክ ስትፈልጉ ከህንፃው ይልቅ የባለሙያውን ስም ተከተሉ፣ ህንፃ ይፈርሳል ባለሙያው ግን እውቀቱን ይዞ ወደሚቀጥለው ስራ ይሄዳል።

ወደኋላ ስሄድ ደግሞ 1901 የባፋሎ ኤክስፖ ላይ ፍሬድሪክ ቶምሰን የሚባል ትርኢት ሰሪ ሰውን ሉና በምትባል ክንፍ ያላት መርከብ አሳፍሮ ጨረቃ «ያወርድ» ነበር፣ ፈረንሳዊው ፊልም ሰሪ ሜልየስ የጨረቃ ጉዞ ፊልሙን ያወጣው በዓመቱ 1902 ነው፣ በመርከቧ ስም የተጠራው የቶምሰን መዝናኛ ፓርክ፣ ሉና ፓርክ፣ ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ የተከፈተው 1903።

ቀጣዩ ክፍል ሞንትሪያል ኤክስፖ 67 ነው፣ ኋላ አይማክስን (የግዙፍ ስክሪን ሲኒማውን) የፈጠሩት ሰዎች በትልልቅ ስክሪን የሞከሩበት። ጃንሆይም ሄደው ጎብኝተውታል፣ የኢትዮጵያም ድንኳን ነበር። ከቤተሰባችሁ እዛ የሰራ ወይ ያየ ካለ፣ ፎቶም ቢሆን፣ እባካችሁ ፃፉልኝ፣ ከውስጥ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነገር ነው የምፈልገው።