የመጨረሻዋ ብልጭታ የት ትውጣ? የመኪናና የትራክተር ባትሪ እንዳይፈነዳ

ባትሪ ፈነዳ ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው አጠገቡ ሲጋራ ይዞ የነበረ ሰው ነው። ሲጋራ በርግጥ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ግን እሳቱ የሚነሣው ከራሱ ከባትሪው ወይም ከሚሠራበት ሰው እጅ ነው፦ ከላላ የካቦ ራስ፣ ሁለቱን ተርሚናሎች (ካቦ የሚታሰርባቸውን ጫፎች) ካገናኘ መፍቻ፣ ሳይጠፋ ከተነቀለ ቻርጀር፣ ሴል (ከባትሪው የውስጥ ክፍሎች አንዱ) ውስጥ ከተሰነጠቀ ማያያዣ። ባትሪው የሚያወጣውን ተቀጣጣይ ጋዝ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ ባትሪ እስከሠራ ድረስ ጥቂትም ቢሆን ያወጣል። የምንችለው ጋዙ እንዳይበዛ ማድረግና የማትቀረው ብልጭታ ከባትሪው ርቃ እንድትወጣ ማድረግ ነው።

ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ 6 ሴሎች አሉት። ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱ ሴል 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ፣ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ያሳያል። ቻርጅ ሲደረግ ቮልቴጁ 14.4 አካባቢ ሲደርስ (በሴል 2.4 ማለት ነው) ኃይሉ ፕሌቶቹን (ሴሉ ውስጥ ያሉትን የእርሳስ ሳህኖች) መሙላቱን እየተወ ውኃውን ወደ መበተን ይዞራል። ከውኃው ሃይድሮጅን ሁለት እጅ፣ ኦክስጅን አንድ እጅ ሆነው ይወጣሉ። ለመንደድ ከዚህ የተሻለ ድብልቅ የለም፤ ባትሪው ራሱ መጥኖ ያዘጋጀዋል። አንድ የሞላ ባትሪ በ10 አምፔር ቻርጀር ላይ ለ1 ሰዓት ቢረሳ 25 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን አየር ውስጥ 4 በመቶ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ይቀጣጠላል፣ እስከ 75 በመቶም ይዘልቃል። ስለዚህ ያ 25 ሊትር ጋዝ ከ600 ሊትር በላይ አየርን ተቀጣጣይ ለማድረግ በቂ ነው። ለማቀጣጠል የምትበቃው ብልጭታ ደግሞ ሹራብ ስናወልቅ ከምትሰማው ያነሰች ናት።

ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ኮፈኑ ተከፍቶ ነፋስ ካገኘ ቶሎ ወደ ላይ ይበናል። ይህ ብዙዎችን ያዘናጋል። ሴሉ ውስጥ፣ ከአሲዱ በላይና ከክዳኑ በታች ያለው ጋዝ ግን የትም አልሄደም። ሰውን የሚጎዳው ፍንዳታም አብዛኛውን ጊዜ የዚህ የውስጡ ጋዝ ነው፤ የፕላስቲኩን ክዳን ሰባብሮ ስብርባሪውንና አሲዱን ፊት ላይ ይረጫል።

የውኃው መጠን ቁልፍ ነገር የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፈሳሹ ከፕሌቶቹ በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከቆመ ለጋዝ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ውኃው ከወረደ ግን ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይመጣል፦ የጋዙ ቦታ ይሰፋል፣ ፕሌቶቹንና ሴሎቹን የሚያያይዘው እርሳስም ከአሲዱ ይወጣል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ሲዞር በዚያ እርሳስ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያልፋል፤ በትልቅ የናፍጣ ትራክተር ላይ ሲሆን ከመኪናው እጅግ ይበልጣል። ማያያዣው በንዝረት ተሰንጥቆ ከሆነ እዚያች ስንጥቅ ላይ ብልጭታ ይዘላል። አሲድ ውስጥ ቢሆን ምንም ባልሆነ፤ ጋዙ መሀል ሲሆን ባትሪው ይፈነዳል። ማንም ሳይነካው፣ ቁልፉ ገና ሲዞር የፈነዳ ባትሪ ካያችሁ የውኃውን መጠን ተጠራጠሩ።

የሚጨመረው ዲስትልድ ውኃ ብቻ ነው። አሲድ አይጨመርም፤ የተነነው ውኃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ፈሳሹ ቻርጅ ሲደረግ ስለሚያብጥ ውኃው እስከ መስመሩ የሚሞላው ከቻርጅ በኋላ ነው። ፕሌቶቹ ተገልጠው ከተገኙ ግን መጀመሪያ እነሱን ለመሸፈን ያህል ብቻ ጨምሩ፣ ቻርጅ አድርጉ፣ ከዚያ እስከ ልኩ ሙሉ። ደረጃውን ለማየት ባትሪ ጋ በክብሪት ወይም በላይተር ማብራት አይታሰብም፤ የእጅ መብራቱንም ቢሆን ራቅ ብላችሁ አብርታችሁ ቅረቡ። ክዳኖቹ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በአፈርና በቅባት ከተደፈኑ ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ባትሪው ይነፋል፤ ሲጸዳ እነሱም ይታዩ።

ስድስቱም ሴሎች እኩል ውኃ ከጨረሱ ጥፋቱ ከባትሪው ውጭ ነው፦ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላ ነው። ሞተሩ ከስራ ፈት ፍጥነቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲዞር ተርሚናሎቹ ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። 15ን ካለፈ ሬጉላተሩ (የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው) ይቀየር። አንድ ሴል ብቻ ቶሎ ቶሎ ከጎደለ ግን ወይ ገላው ተሰንጥቋል ወይ ሴሉ ታሟል።

እንደኔ ሚዛን ከሁሉ የሚያስፈራው አንድ ሴል የሞተበት ባትሪ ነው። ስለዚህ ባትሪ የሚነገረው ትንሽ ነው። አንዱ ሴል ውስጥ ፕሌቶቹ ሲነካኩ ባትሪው 10.5 ቮልት አካባቢ ይቆማል፤ ቻርጅ ቢደረግም አይወጣም። ባለቤቱ «ወድቋል» (ኃይሉ አልቋል) ብሎ ከሌላ መኪና ያስነሣዋል። ዲናሞው ይህን አያውቅም፣ የለመደውን 14.4 ይልካል። ያ ቮልቴጅ አሁን የሚካፈለው ለ5 ሴል ስለሆነ ለእያንዳንዱ 2.88 ይደርሰዋል። አምስቱ እንደ ማሰሮ ይፈላሉ፣ ይግላሉ፣ ጋዝ ያጎርፋሉ። በሃይድሮሜትር (የአሲዱን ጥግግት በሚለካው መሣሪያ) ሲለካ አምስቱ ሴሎች ለምሳሌ 1.250 ላይ ሆነው አንዱ 1.150 ካሳየ ባትሪው አብቅቶለታል። ቻርጅ አይደረግ፣ ካቦ አይያያዝለት፤ ይቀየር። ገላው ያበጠና የተሰነጠቀም እንዲሁ። በብርድ አገር ደግሞ የወደቀ ባትሪ አሲዱ ውኃ ስለሆነ ይረጋል፤ የረጋ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም።

የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ባትሪው ከልክ በላይ እየጋለ ነው ማለት ይቻላል። የሚሸተው መርዛማ ጋዝ ነው። ካቦውን ለመንቀል አትሩጡ፤ ቻርጀሩን ከግድግዳው አጥፉ ወይም ሞተሩን አጥፉ፣ አየር ይግባ፣ እስኪቀዘቅዝ ራቁ።

ከሌላ ባትሪ ማስነሣት

መጀመሪያ ሁለቱም ባለ 12 ወይም ሁለቱም ባለ 24 መሆናቸው ይታይ። ትራክተርና ከባድ መኪና ላይ ሁለት ባትሪ ስታዩ 24 ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ጎን ለጎን (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ተያይዘው 12 የሚሰጡም አሉ። ተሽከርካሪዎቹ እንዳይነካኩ ይቁሙ፣ ሁሉም መብራት ይጥፋ። የፖዘቲቩን ካቦ አንድ ጫፍ በወደቀው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በጤነኛው ፖዘቲቭ። የኔጌቲቩን ካቦ በጤነኛው ኔጌቲቭ። አራተኛዋ ጫፍ ላይ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። በወደቀው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ ከተያያዘች የኤሌክትሪክ ዑደቱ የሚዘጋው፣ ብልጭታዋም የምትወጣው እዚያው ጋዙ ላይ ነው። ስለዚህ ከባትሪው ቢቻል ግማሽ ሜትር ያህል በራቀ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ ትታሰር፤ ከነዳጅ መስመርም ትራቅ። ሞተሩ ሲነሣ አፈታቱ የዚህ ግልባጭ ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩ ብረት ላይ ያለችው ትወልቃለች።

አሮጌ ትራክተሮች ውስጥ ፖዘቲቩ ከሻሲው (ከትራክተሩ የብረት አካል) ጋር የታሰረባቸው አሉ፤ ብዙዎቹም ባለ 6 ቮልት ናቸው። ባትሪ ስትፈቱ «ኔጌቲቭ መጀመሪያ» የሚለውን እንደ ጸሎት ከመድገም ከሻሲው ጋር የታሰረው የትኛው እንደሆነ ተመልከቱ። እሱ መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የሻሲው ካቦ ከወለቀ በኋላ መፍቻው ሌላውን ተርሚናልና የትራክተሩን ብረት አንድ ላይ ቢነካ ምንም አይፈጠርም። ሳይወልቅ ከሆነ መፍቻው ግሎ ይበየዳል። እጀታውን በኤሌክትሪክ ፕላስተር መጠቅለል፣ ቀለበትና የብረት ሰዓት ማውለቅ የደቂቃ ሥራ ነው።

ትራክተር ከመኪና የሚለየው በንዝረቱ ነው። ማሰሪያው የላላ ባትሪ ማሳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲዘል ውሎ ውስጡ ይሰነጠቃል። በእጅ ሲወዘወዝ መነቃነቅ የለበትም፤ ማሰሪያው ግን ገላውን እስኪያጎብጥ አይጥበቅ። ባትሪው ወንበር ሥር ከሆነ የወንበሩ ስፕሪንግ ወይም የሣጥኑ ክዳን ሲጫን ተርሚናሉን እንዳይነካ የጎማ መሸፈኛው ቦታው ላይ መሆኑን እዩ። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መፍቻና ሰንሰለት ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሣት ይቅር፤ ብልጭታው አንድ አደጋ ነው፣ ማርሽ ላይ ያለ ትራክተር በሰው ላይ መሄዱ ሌላ። ትራክተሩ ላይ ብየዳ ወይም ግራይንደር ካለ ባትሪው ወጥቶ ይራቅ።

ቻርጅ ሲደረግ የአምፔሩ ልክ የባትሪው አምፔር ሰዓት (የመያዝ አቅሙ) አንድ አሥረኛ ነው፦ ለ100 አምፔር ሰዓት 10 አምፔር። መቆንጠጫዎቹ መጀመሪያ ይታሰሩ፣ ቻርጀሩ ከዚያ ይብራ። ሲያበቃ መጀመሪያ ይጥፋ፣ ከዚያ ይፈታ። አሲዱ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተጠጋ ወይም ገላው ለእጅ ካቃጠለ ይቁም። «ጥገና አይፈልግም» የሚባሉትና የታሸጉትም ከመጠን ሲያልፉ በቫልቫቸው ጋዝ ያወጣሉ፤ መታሸግ ከፍንዳታ አያድንም።

ከፈነዳ ደግሞ ዓይን ይቀድማል። አሲድ የገባበት ዓይን ቆቡ ተገልጦ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። ቤኪንግ ሶዳ ዓይን ውስጥ አይገባም። ልብስ ይውለቅ፣ ቆዳም በውኃ ይታጠብ። ሶዳው ለብረቱ ነው፦ በ1 ሊትር ውኃ 100 ግራም ያህል አሟሙታችሁ አረፋው እስኪቆም አሲድ የነካውን ሁሉ እጠቡ፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። አዲስ ባትሪ በተገጠመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የዲናሞውን ቮልቴጅ ለኩ። 15ን ካለፈ ሞተሩ ይጥፋ፤ ሬጉላተሩ ሳይቀየር ትራክተሩ ወደ ሥራ አይውጣ።